ያለ ሱፐርቪዥን የንግግር ሕክምና አይሰጥ

የሥነ ልቦና ድጋፍ ሥልጠና በአገራችን እንዴት እንደሚሰጥ የጤና ባለሙያው ሁሉ ያውቀዋል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ አምስት ቀን ይካሄዳል። አሠልጣኙ ስላይድ ያሳያል፣ ሠልጣኙ ማስታወሻ ይይዛል፣ በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት ይታደላል፣ የቡድን ፎቶ ይነሣል፣ አበል ተፈርሞ ይከፈላል። ሰኞ ጠዋት ልጇን በጦርነት ያጣች እናት ጤና ጣቢያ መጥታ ነርሱ ፊት ስትቀመጥ ግን ነርሱ ብቻውን ነው። የተናገረው ይጥቀማት ይጉዳት የሚነግረው የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ብትቀር፣ ለምን ቀረች ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

ይህ አሠራር መቆም አለበት ብለን እናምናለን። በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም፣ በዕርዳታ ድርጅትም ሆነ በዩኒቨርሲቲ፣ በሳይኮቴራፒ ስም ሰው የሚያነጋግር ባለሙያ ሁሉ ቋሚ ሱፐርቫይዘር ሊኖረው ይገባል። ሱፐርቫይዘር ያልተመደበለት ሥልጠናም በጀት ሊያገኝ አይገባም። ሱፐርቪዥን ስንል ቼክሊስት ይዞ መጥቶ፣ ፈርሞ የሚሄድ ተቆጣጣሪ ማለታችን አይደለም። ባለሙያው የያዘውን ጉዳይ፣ የታካሚውን ስም ሳያነሣ፣ ይበልጥ ልምድ ላለው ሰው በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚያቀርብበት፣ ታካሚው ከፈቀደ የተቀዳውን ድምፅ አብረው የሚያዳምጡበት፣ ግራ የገባውን ነገር ሳያፍር የሚናገርበት የተወሰነ ሰዓት ነው።

በዚህ ጉዳይ የምንጠነክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ንግግር ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም የሚለው እምነት ሐሰት መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ (ሁሉም ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአደጋ የተረፉ ሰዎችን ወዲያው ሰብስቦ ወይም ለየብቻ አስቀምጦ፣ የደረሰባቸውን አንድ በአንድ እንዲተርኩ ማድረግ በምዕራቡ ዓለም የተለመደ ነበር። በበጎ ፈቃድ የተጀመረ ሥራ ነው። በ1997 ግን በብሪታንያ የእሳት ቃጠሎ በደረሰባቸው ሕሙማን ላይ ይህንኑ አሠራር የፈተሸ ጥናት ውጤቱን አወጣ። ከ13 ወር በኋላ ከአደጋ በኋላ የሚመጣው፣ ፒቲኤስዲ የሚባለው የሥነ ልቦና ሕመም የታየው፣ ካልተነጋገሩት ውስጥ በ9 በመቶው ሲሆን ከተነጋገሩት ውስጥ በ26 በመቶው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመረመሩ፣ የአንድ ጊዜ ንግግር ሕመሙን እንደማይከላከል ታወቀ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በአደጋ ማግስት የሚመክረው ሰውን ማረጋጋት፣ ምግብና መጠለያ ማድረስ፣ ከቤተሰቡ ማገናኘት ነው። ልናገር ካለ ይደመጣል፤ ተናገር ተብሎ አይገፋም።

ይኸው ትረካ በሌላ ሥርዓት ሲመራ ደግሞ መድኃኒት ይሆናል። ለጦርነትና ለስደት ተጎጂዎች ታስቦ የተዘጋጀ አንድ የሕክምና ስልት አለ። ባለሙያው ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ የታካሚው ዕድሜ ነው። ታካሚው ደስ ያለው ቀን ላይ አበባ፣ የከፋው ቀን ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል። ያልተኖረው ዘመን ሳይፈታ ተጠቅልሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀጠሮዎች ሕይወቱ ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተረካል። ድንጋዩ ጋር ሲደረስ ባለሙያው ቸኩሎ አያልፍም። ምን አየህ? ምን ሸተተህ? ያን ጊዜ ልብህ ምን አለ? አሁንስ ሰውነትህ ምን ይሰማዋል? እያለ አብሮት ይቆያል። ፍርሃቱ ጣራ በነካበት ሰዓት ቀጠሮውን መዝጋት ክልክል ነው፤ እስኪበርድ ይጠበቃል። ይህ ስልት በ2004 በኡጋንዳ በሚኖሩ የሱዳን ስደተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ታትሟል። በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እዚያው ኡጋንዳ፣ ናኪቫሌ በተባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ሠልጥነው ያከሙት ራሳቸው ከስደተኛው መካከል የተመረጡ ሰዎች ነበሩ፤ ታካሚዎቹ ሩዋንዳውያንና ሶማሊያውያን ናቸው።

የቃጠሎ ሕሙማኑም የናኪቫሌ ስደተኞችም መከራቸውን ተርከዋል። ልዩነቱ ትረካው የተመራበት ጊዜና ሥርዓት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት የመምራት ችሎታ ከስላይድ መቅዳት አይቻልም።

ረጅም ትምህርት ያልተማሩ ሰዎች ይህን ሥራ መሥራት የለባቸውም ማለታችን ግን አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። የዚምባብዌን ምሳሌ እንውሰድ። ከ2006 ጀምሮ፣ በሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ መሪነት፣ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው የሚያነጋግሩት በአብዛኛው የሰፈሩ አሮጊቶች ናቸው። በ24 ክሊኒኮች፣ በ573 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2016 በታተመው ጥናት፣ በአግዳሚ ወንበሩ ከታከሙት መካከል ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው ከመቶ 14 ያህሉ ነበሩ። የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት መካከል ግን ከመቶ 50 ያህሉ ገና በድብርት ውስጥ ነበሩ። ስለ እነዚህ አሮጊቶች ሲወራ ደግነታቸውና ብልህነታቸው ብቻ ይነሣል። የተወሰነ ስልት ተምረው እንደሚሠሩ፣ የሚከብዳቸውን ጉዳይ የሚያቀርቡለት ኃላፊ እንዳላቸው፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ሲመጣ ለማን እንደሚያስተላልፉ ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ግን ብዙ አይነገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአጭር ጊዜ ለሠለጠኑ ሰዎች ያዘጋጀው የአምስት ቀጠሮ መመሪያም ያለ ሱፐርቪዥን እንዳይሠራበት ያሳስባል። እኛ ዘንድ መመሪያው ተተርጉሞ ይመጣል፤ ይህ ማሳሰቢያ ግን ተግባር ላይ አይውልም።

ልምድ ያስተካክለዋል የሚል ይኖራል። በ2016 የታተመ፣ 170 ቴራፒስቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ግን ዓመት መቁጠር ብቻውን ባለሙያውን እንደማያሻሽል፣ ውጤቱ በአማካይ በጥቂቱም ቢሆን ወደ ታች እንደሚያዘነብል አሳይቷል። የሚያሻሽለው የሠራውን የሚያሳየው ሰው ማግኘቱ ነው ብለን እናምናለን። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ውስጥ የድብርት ታካሚ በየቀጠሮው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ ይሞላል፤ ነጥቡ ካልቀነሰ ባለሙያውና ሱፐርቫይዘሩ ምክንያቱን አብረው ይፈልጋሉ። ይኸው መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ውስጥ አስተማማኝነቱ ተፈትሿል፤ ውጤቱም በ2013 ታትሟል። ወረቀቱ በእጃችን እያለ ታካሚው እየዳነ ይሁን እየባሰበት ሳያውቁ ለወራት ማነጋገር ይቅርታ የሚያሰጥ አይደለም።

ጥሩ ልምምድ ምን እንደሚመስልም እናንሣ። ሁለት ተለማማጆች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛው መመዘኛ ይዞ ይታዘባል። ታካሚ የሆነችው፣ «ሰውነቴ ዝሏል፤ ሌሊቱም ባይነጋልኝ እላለሁ» ትላለች። አማካሪ የሆነው ወዲያው፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ሁሉም ያልፋል» ይላል። ከቅን ልብ የወጣ ነው። ታካሚዋ ግን ከዚያ በኋላ የምትጨምረው የላትም፤ አመስግና ዝም ትላለች። ታዛቢው ያስቆማቸዋል። ሞት መመኘቷን ነግራሃለች፤ ለምን አልጠየቅሃትም? ይለዋል። እንደገና ይጀመራል። አሁን አማካሪው ቃሏን መልሶ ይነግራታል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያም ዓይኗን እያየ፣ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። ብዙ ሠልጣኝ ይህን ጥያቄ ሐሳቡን አስገባባታለሁ ብሎ ይፈራዋል። መጠየቅ አደጋውን እንደማይጨምር ተረጋግጧል። ቢሆንም ፍርሃቱ አፍ አውጥቶ አሥር ጊዜ በመለማመድ እንጂ በንባብ አይለቅም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዲህ ያለውን የተግባር ምዘና በ2022 በነፃ ለሁሉም አቅርበዋል። ከሰርተፍኬት በፊት ይህን ፈተና ማለፍ ግዴታ መሆን አለበት።

የባለሙያ እጥረት ባለበት አገር ይህ ቅንጦት ነው የሚለው ተቃውሞ ከባድ መሆኑን እንረዳለን። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ነው። የጀመረው ግን እንዴት ነው? የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየዓመቱ እየተመላለሱ ሬዚደንቶቹን ከታካሚ አልጋ አጠገብ ሆነው አስተማሩ፤ እነዚያ ሬዚደንቶች በተራቸው ሌሎችን አሠለጠኑ። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ በተካሄደውና በ2022 በታተመው ጥናትም፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ12 ወራት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የረዱት የአካባቢው ሰዎች ሲሆኑ፣ ታካሚዎቹ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው ተሻሽሏል። እነዚህም ሠራተኞች የሚከታተላቸውና የሚደግፋቸው ሰው ነበራቸው። ባለሙያ ሲያንስ ጥቂቱን ለብዙ የሚያዳርሰው ሱፐርቪዥን ነው። አንድ ልምድ ያለው የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ሰዓት በስልክ ስምንት ነርሶችን በቡድን መያዝ ይችላል። ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶና ቴል አቪቭ ፈቃድ አግኝተው በሙያው የሚሠሩ ወገኖቻችንም መጥተው የሦስት ቀን ንግግር ከሚያደርጉልን፣ ባሉበት ሆነው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቡድን ቢይዙልን ይበልጣል።

የንስሐ አባትን፣ ሼኹን፣ ፓስተሩን፣ የእድር ሽማግሌውን ፈቃድ አውጡ የሚል ሐሳብ የለንም። የሚያጽናኑት በራሳቸው ማዕረግ ነው፤ ሰውም ወደ እነርሱ የሚሄደው ማንነታቸውን አውቆ ነው። በቲክቶክና በዩቲዩብ ራሱን የሥነ ልቦና ሐኪም ብሎ፣ በቴሌግራም ገንዘብ እየተቀበለ የተደፈረችን ልጅ ታሪክ የሚያስተርክ ሰው ግን ሌላ ነው። ጀርመን ሳይኮቴራፒስት የሚለውን ማዕረግ በ1999 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ጠብቃዋለች፤ ያለ ፈቃድ የሚጠቀምበት ይጠየቃል። እኛም በማዕረጉ መጠቀም የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት በሱፐርቪዥን ሥር መሥራት እንዳለበት፣ ተበዳይ አቤት የሚለው የት እንደሆነ በግልጽ የተጻፈና የሚሠራበት ደንብ ያስፈልገናል።

ዩኒቨርሲቲዎች በሳይኮሎጂና በካውንስሊንግ የማስተርስ ተማሪ ከማስመረቃቸው በፊት፣ ከመመረቂያ ጽሑፉ እኩል፣ በሱፐርቪዥን የያዛቸውን ጉዳዮች ይመዝኑ። ለጋሾች ለአዳራሽና ለአበል ከሚያወጡት ላይ ከሥልጠናው በኋላ ላሉት 12 ወራት የሱፐርቫይዘር ክፍያ ይመድቡ። ጤና ሚኒስቴርም ለቀጣዩ የሥነ ልቦና ድጋፍ ሥልጠና የጥሪ ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ተጋባዥ ከሰኞ ጀምሮ የሚደውልለት ሱፐርቫይዘር ስምና ስልክ ቁጥር በደብዳቤው ላይ መጻፉን ያረጋግጥ። ያልተጻፈበትን ይመልስ።