ግድግዳው ያስተምራል ወይስ ያደናግራል?



በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች የሚዘዋወር ሰው መጽሐፍ ባይገዛ እንኳ ግድግዳ ማንበቡ አይቀርም። ከባሕር ዳር በሐሙሲት አድርገን ወረታ፣ ከወረታም ወደ አዲስ ዘመን ስንመላለስ ዐይናችንን የሳበው የመንገድ ዳር ሥዕል ነው። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሻኛው የተቆለለ በሬ፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ መቀስና የተበጠረ ጎረምሳ፣ ጎሚስታው ዘንድ ጎማ፣ ጭማቂ ቤቱ ላይ ደግሞ ማንጎ ከነቅጠሉ። ማን እንደሣለው አልተጻፈም። የበሬው እግር አንዳንዴ ይረዝማል፤ የጎረምሳው አንገት ይጠፋል። ቢሆንም ማንበብ የማይችል ገበሬ ለገበያ ሲመጣ የሚፈልገውን ቤት አይስትም። ጠላ ቤቷማ ሥዕልም አላስፈለጋት፤ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ ጉዳዩን ጨርሳዋለች!

ይኼን ያነሣነው ለቀልድ አይደለም፤ ወደ ት/ቤቶቻችን ግድግዳ ልንመጣ ነው። በዚያ የምናየው ሥዕል አብዛኛው ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው። የምግብ መፍጫ አካላት፣ የፀሐይ ቤተሰብ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ከነፖሙ። ፖም! በፎገራ ሜዳ ያደገ ሕፃን ፖምን ከየት ያውቀዋል? ደጃፉ ላይ ሩዝ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ነጭና ጥቁር ቡራቡሬዋ የፎገራ ላም ከአጥሩ ሥር ትግጣለች፤ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ ያደርጉታል። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በአያቶቻችንና በወላጆቻችን ዕድሜ ነው፤ ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ለአካባቢ ሳይንስ ከዚህ የተሻለ ርእስ የት ይገኛል? ባየናቸው የመማሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ግን አንዲት የሩዝ ዘለላ አልተሣለችም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ካርታው ነው። መጽሐፍ ሲያረጅ ይቀየራል፤ ግድግዳ ግን የሣለው መምህር ተዛውሮ ከሄደም በኋላ ማስተማሩን አያቆምም፣ ስሕተትም ቢሆን። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተባሉ አራት ክልሎች ተቋቁመዋል። የቀድሞው የደቡብ ክልል የለም፤ የክልሎቹም ቍጥር ከ9 ወደ 12 ደርሷል። ባየነው አንድ ግድግዳ ላይ ግን ዘጠኙ በደማቅ ቀለም ተሥለው ልጆች በዱላ እየጠቆሙ ይቈጥራሉ፤ ያውም በአንድ ድምፅ። ታዲያ እነዚህን ልጆች ያስተማራቸው ማን ነው? መምህሩ ወይስ ግድግዳው?

አባቶቻችን የግድግዳን ጉልበት ያውቁ ነበር። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ፣ በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነው። የጥንቱ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ በቀጥታ በጭቃው ላይ አይሥልም፤ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ለጥፎ በዚያ ላይ ይሥላል። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዐይን ያሳየዋል። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ማን ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይለያል። የማስተማሪያ ዘዴ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ? በሩቅ አገርም ቢሆን፣ ሜክሲኮ ከአብዮቷ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ሆሴ ቫስኮንሴሎስ ሠዓሊዎችን ጠርቶ የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ ሰጣቸው። ዲዬጎ ሪቬራም የትምህርት ሚኒስቴሩን ግቢ በገበሬውና በሠራተኛው ኑሮ ሞላው። የሣለው የሰው አገር ፍሬ አልነበረም።

«ሁላችንም ሠዓሊ አይደለንም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። የበሬው እግር ቢረዝምስ? በሬ መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ምን ችግር አለው! የታተመ ባነር ይሻላል የሚሉም አሉ። ባነሩ ያምራል፤ ግን ፀሐይ ያነጣዋል፣ ነፋስ ይቀደዋል፣ ለገጠር ት/ቤት ደግሞ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ሌላ ነገር እናንሣ። ሜዳው ላይ ባሉ አንዳንድ ቤቶች ጎርፉ የደረሰበት የጭቃ መስመር ግድግዳው ላይ ይታያል። ከመስመሩ በታች ያለው ቀለም ተላጦ ይረግፋል። ስለዚህ ፊደሉ ከዚያ በላይ መጻፍ አለበት፤ ግን ደግሞ የአንደኛ ክፍል ልጅ አንጋጦ አንገቱ እስኪታመም መሰቀል የለበትም። ይህን የመሰለውን ነገር በሞጁል ውስጥ አላገኘነውም፤ ግድግዳው ሥር ቆሞ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ ጥያቄያችን እነሆ። በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ በወረቀት ብቻ ከምንለማመድ ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ያለው ባዶ ግድግዳ ይሰጠን። ሩዝን ከዘር እስከ መፈልፈያው በተከታታይ ሥዕል እናቀርባለን። ካርታም እንሥላለን፤ ከሥሩ የተሣለበት ዓ.ም. ይጻፋል፣ ተከታዩ መምህር ማደሻው መድረሱን እንዲያውቅ። ጊዜውን በተመለከተ መምህራኑ ይወስኑ። መሣል የሚችል ስሙን በዚህ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ይጻፍ፤ የማይችልም ይጻፍ፣ ኖራ የሚበጠብጥና መሰላል የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል።