‹‹ተመጣጣኝ እርምጃ›› የሚመዘነው በማን ሚዛን ነው?

በአገራችን የዜና ቋንቋ ውስጥ እንደ ‹‹ተመጣጣኝ እርምጃ›› ያለቅጥ ያገለገለ፣ አገልግሎም የነተበ ቃል ያለ አይመስለኝም። ሰው ሞተ፣ ወጣት ታፈሰ፣ ቤት ፈረሰ ሲባል ማታ በሬዲዮ የሚመጣው መልስ ያው ነው፤ ‹‹የፀጥታ ኃይሎች ተመጣጣኝ እርምጃ ወስደዋል››። ከምን ጋር ነው የተመጣጠነው? ማን መዘነው? ሚዛኑስ የት ነው የተቀመጠው? ጤፍ የሚገዛ ሰው እንኳን ነጋዴው ሲመዝንለት አንገቱን ሰገግ አድርጎ ቁጥሩን ያያል። በሰው ገላ ላይ ስለሚወርድ ዱላ ‹‹እስቲ ሚዛኑን አሳዩን›› ያለ ዜጋ ግን ስም ይወጣለታል። ድሮ ‹‹ፀረ ሰላም›› ነበር፤ አሁን ሌላ ሌላም ተጨምሮበታል።

አንዳንድ ቅን ሰዎች ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለ ይላሉ። ‹‹ፖሊስ ጠመንጃውን አስቀምጦ እንደ ፈረንጆቹ በኤሌክትሪክ የሚነዝር መሣሪያ ቢይዝ እኮ ሰው አይሞትም ነበር›› ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ ያጸደቀው የፖሊስ የኃይል አጠቃቀም መርህም መንግሥታት ከጠመንጃ ውጭ ሕይወት የማያጠፉ መሣሪያዎችን ለፖሊስ እንዲያዘጋጁ ይመክራል። ጋሻና የራስ ቁርም ይስጡት ይላል፤ ራሱን የሚከላከልበት ያለው ፖሊስ ለመተኮስ አይቸኩልምና። እኔ ግን ነገሩን ከሃቫና ሳይሆን ከሀና ማርያም ተነስቼ ላየው እፈልጋለሁ።

ሀና ማርያም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ ወደ ፉሪ እየገፋች በምትሄድበት ደቡባዊ ጫፍ ያለ ሰፈር ነው። የከተማው ኪራይ አንቆ ያባረረው ሰው ከገበሬ ላይ ቁራሽ መሬት ገዝቶ፣ ግንብ አጥሩ ቀርቶበት ጭቃ አስለጥፎ፣ ቆርቆሮ አልብሶ የገባበት አካባቢ ነው። በሌሊት ተሠርቶ ጠዋት ቆሞ ስለሚገኝ ሕዝቡ ‹‹ጨረቃ ቤት›› ይለዋል። በሰኔ 2008 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ደመናው እየከበደ ሳለ፣ እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ‹‹ሕገወጥ›› የተባሉ ቤቶችን የሚያፈርስ ግብረ ኃይል ዶዘር አስከትሎ መጣ። ነዋሪው ‹‹በዝናብ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?›› አለ። አፍራሹ ‹‹ታዝዤ ነው›› አለ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግጭት ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከሟቾቹ ውስጥ የፖሊስ አባላትም ነበሩበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የሞተው ፖሊስም የድሃ ልጅ ነው። በዚያ ደመወዝ ኪራይ ከፍሎ የሚያድር፣ ምናልባትም እሱ ራሱ ሌላ ሰፈር ጨረቃ ቤት ያለው ሰው ነው። ‹‹ፖሊስ ይሙት›› ብሎ የሚጽፍ ብዕር የለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያን ዕለት በፖሊሱ ወገብ ላይ የሚነዝር ዱላ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ ማን ይድን ነበር?

መሣሪያውን እንወቀው። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዱላ መሰል ሆኖ ጫፉን ገላ ላይ ሲያሳርፉት የሚነዝር ነው። ሥራው ማሳመም ብቻ ነው፤ ሰው አያስቆምም፣ ሰው ያስጮሃል። ሌላው ‹‹ቴዘር›› የሚሉት ሽጉጥ መሰሉ ነው። በቀጫጭን ሽቦ የተያያዙ ሁለት መርፌ የመሰሉ ቀስቶች ይተፋል። እነሱ ሲሰኩ ጡንቻ ይቆላለፋል፤ ሰውየው እንደ ተቆረጠ ግንድ ይወድቃል። አንድ ተኩስ ብዙ ጊዜ 5 ሰከንድ ይነዝራል፤ ፖሊሱ ጣቱን ካላነሳ ግን ይቀጥላል። ይህ ሽጉጥ የተሠራው ጩቤ ይዞ ለሚያስፈራራ አንድ ሰው ነው። ቤቱ ሊፈርስበት ለወጣ ሕዝብ አይደለም። ድንጋይ የሚወረውር መቶ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አንዱን ቢጥል ዘጠና ዘጠኙ ይመጣበታል። ስለዚህ በዚያ ግርግር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽጉጡ ጥይቱን አይተካም ነበር።

ታዲያ ምንን ይተካ ነበር? ትዕግሥትን!

እስቲ አስቡት። ሕፃን ያዘለች እናት በሯ ላይ ቆማ ‹‹አልወጣም›› ትላለች። ድንጋይ አልያዘችም። እጇ ላይ ያለው የበሩ መቃን ነው። ይህችን ሴት በጥይት እመታለሁ የሚል ፖሊስ፣ ልቡ ካልደነደነ በቀር፣ አይገኝም። በቆመጥ ለመምታትም ዙሪያውን ያያል፤ ሰው ያያልና። ስለዚህ ያባብላታል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎረቤት ያስለምናል፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አሁን በዚያ ፖሊስ እጅ ‹‹አይገድልም›› የተባለ መሣሪያ አስይዙት። አለቃው ከኋላ ሆኖ ‹‹ቶሎ በል!›› ይለዋል። ጥይት ለመተኮስ የሚያመነታ ጣት ቁልፍ ለመጫን ለምን ያመነታል? ‹‹አይገድልም›› ተብሏላ! (መቼም ለቤታችን የሚጠፋው መብራት ለገላችን ሲሆን አይጠፋም።)

ፈረንጆቹ ዘንድ የሆነውም ይኸው ነው። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. በካናዳ ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሮበርት ዲዚካንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መንገደኛ እንግሊዝኛ ሳያውቅ ለሰዓታት ተንከራቶ ተበሳጨ። አራት ፖሊሶች መጡ። ሰውየው እጁ ላይ የነበረው የወረቀት ስቴፕለር ነበር። አምስት ጊዜ በቴዘር ነዘሩት፤ እዚያው ሞተ። ፖሊስ የራሱን ታሪክ ቢናገርም አንድ ሌላ መንገደኛ ሁሉንም በቪዲዮ ቀርጾት ኖሮ ውሸቱ ተጋለጠ። አጣሪ ኮሚሽን ተሰይሞ እርምጃው ተገቢ አልነበረም አለ። ከአራቱ ሁለቱ በሐሰት በመመስከር ተፈረደባቸው። በአሜሪካም ሮይተርስ የዜና ወኪል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምርመራ ፖሊስ ቴዘር ከተጠቀመባቸው በኋላ የሞቱ ከ1,000 በላይ ሰዎችን መዝግቧል። ሁሉንም የገደለው ኤሌክትሪኩ ነው ማለት አይደለም፤ ‹‹አይገድልም›› የሚለው ቃል ግን እዚያው ወደቀ።

የእኛም ሰው ቀምሶታል። በ2006 ዓ.ም. እስራኤል ውስጥ ዮሴፍ ሳላምሳ የተባለ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት በሌብነት ተጠርጥሮ ሲያዝ ፖሊስ በቴዘር ነዘረው። ከወራት በኋላ ሞቶ ተገኘ፤ ራሱን ገደለ ተባለ። ቤተሰቡ ልጃችን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አልሆነም አሉ። በቀጣዩ ዓመት ቤተ እስራኤላውያን የፖሊስን ድብደባ በመቃወም አደባባይ ሲወጡ የዮሴፍም ስም አብሯቸው ነበር። ልብ በሉ፤ ዮሴፍን መሣሪያው በቦታው አልገደለውም። በወረቀት ላይ እርምጃው ‹‹ተመጣጣኝ›› ሊባል ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከፋል። ካናዳ ውስጥ ቴዘር የተጀመረው በመንገድ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን ኤሌክትሪክ ከሰው ገላ ጋር የተዋወቀው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት በኦሮሚያ የታሰሩ ሰዎች ከደረሰባቸው ማሰቃያዎች አንዱ በኤሌክትሪክ መነዘር መሆኑን ጽፎ ነበር። ያኔ መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለውም። አራት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ብርሃኑ ፀጋዬ ራሳቸው ጋዜጠኞች ሰብስበው በስውር እስር ቤቶች ሰዎች በኤሌክትሪክ ይነዘሩ እንደነበር ለአገር ተናገሩ። ማዕከላዊም በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ ተባለ። ሕንፃው ተዘጋ እንበል። እዚያ ውስጥ የተማረው እጅስ የት ሄደ?

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ይሄ ነው። የደርግ ዘመን ‹‹ወፌ ላላ›› የውስጥ እግርን አበላሽቶ ይሄድ ነበር፤ ሰውየው እያነከሰ ሲሄድ አገር ያውቅለታል። ቆመጥ ሰንበር ይተዋል። ልደታ ፍርድ ቤት ልብሳቸውን ገልጠው ጠባሳቸውን ለዳኛ ያሳዩ ተከሳሾች አይተናል። ድሃ ተከሳሽ ጠበቃ ባይኖረው ሰንበሩ ይመሰክርለታል። ኤሌክትሪክ ግን ቢበዛ ሁለት ነጠብጣብ የምታህል መቅላት ትቶ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ለመሆኑ የእኛ ፖሊስ ጣቢያ ተያዥን ሐኪም ዘንድ የሚወስደው በስንተኛው ቀን ነው?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ ሞልቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 56 ላይ የሚያዘው ሰው በኃይል ሲቋቋም ወይም ሊያመልጥ ሲሞክር ፖሊስ ለሁኔታው ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ ሊይዘው እንደሚችል ጽፏል። ‹‹ተመጣጣኝ›› የምትለው ቃል ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አለች ማለት ነው። ሦስት መንግሥት ተሻግራለች። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ኢሰብዓዊና ክብር አዋራጅ አያያዝን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ የማሰቃየት ወንጀል በይርጋ አይታገድም ይላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 424 ተያዥን ያንገላታ ሹም ይቀጣል ይላል። የጎደለው ቃል አይደለም፤ መዛኝ ነው።

ምን ያህል እንደጎደለ ለማየት ከምርጫ 97 በኋላ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሳው ሁከት የሆነውን እንዲመረምር ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪል ዜጎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን ቆጠረ። የኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጥተው እንደተናገሩት አባላቱ መጀመሪያ ድምፅ ሲሰጡ 8 ለ 2 በሆነ ድምፅ እርምጃው ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ነበር። ፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን ከመጠን ያለፈ አይደለም አለ። አስከሬኑ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት! ታዲያ በ193 ሬሳ ያልሞላ ሚዛን በአንዲት የሀና ማርያም እናት ጩኸት ይሞላል?

‹‹ያ የኢሕአዴግ ጊዜ ነው›› የሚለኝ አይጠፋም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በእሬቻ በዓል የተተኮሰው አስለቃሽ ጭስ ‹‹የማይገድል›› መሣሪያ ነበር። ሕዝቡ ተደናግጦ ሲተራመስ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር 55 ሰው ሞተ፤ ሌሎች ከዚያ በላይ ነው አሉ። ከዚያ ኢሕአዴግ ሄዶ ብልፅግና መጣ። የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓድዋን በዓል ለማክበር በምኒልክ አደባባይና በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ያው ጭስ ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት በግንቦት የመስጊዶችን መፍረስ ለመቃወም አንዋር መስጊድ አካባቢ በወጡ ምእመናን ላይ በተወሰደው እርምጃም ሰዎች ሞቱ። ኢሰመኮ ሁለቱንም ጊዜ የኃይል አጠቃቀሙ ከመጠን ያለፈ መሆኑን ተናግሯል። እሱ ተናገረ፤ ማን ተጠየቀ?

እንግዲህ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለፖሊስ ይሰጥ የሚል ሰው አስቀድሞ እነዚህን ይመልስ። መቼና በማን ላይ እንደሚፈቀድ፣ በነፍሰ ጡር፣ በሕፃን፣ በሽማግሌና እጁ በታሰረ ሰው ላይ ፈጽሞ እንደማይፈቀድ የሚናገረው ደንብ የትኛው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ተለጥፎ ይነበባል? ቴዘር ስንት ሰዓት ላይ፣ ለስንት ሰከንድ እንደተተኮሰ ራሱ ይመዘግባል፤ ያንን መዝገብ ከፖሊስ ውጭ የሚያነበው ማን ነው? የተነዘረው ሰው በዚያኑ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይደርሳል? ለቤተሰቡስ ይነገራል? የሃቫናው መርህ ሕክምናውንም፣ ለቤተሰብ መንገሩንም፣ ሪፖርቱንም ግዴታ ያደርጋል። መሣሪያውን ብቻ ከመርሁ ቆርጦ ማምጣት አይቻልም።

ዱላ መሰሉን ግን ጨርሶ አያምጡብን። የተባበሩት መንግሥታት የማሰቃየት ጉዳይ ልዩ ራፖርተር አሊስ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2023 ገላ ላይ እያሳረፉ የሚነዝሩበት መሣሪያ በዓለም ዙሪያ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ጠይቀዋል። አምነስቲም በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ከ40 በሚበልጡ አገሮች የታየውን ዘርዝሮ ይህንኑ ብሏል። ለማሳመም ብቻ የተሠራ ዕቃ ከምን ጋር ይመጣጠናል?

እስከዚያው ግን የሀና ማርያሟ እናት በሯ ላይ ቆማ ተነዝራ ብትወድቅና በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ ሐኪሙ ገላዋን አገላብጦ አይቶ በካርዷ ላይ የሚጽፈው ‹‹የሚታይ ጉዳት የለም›› ብሎ ነው። ያንን ካርድ ይዛ የትኛው ዳኛ ፊት ትቁም?