አምቡላንሱ ከመጠራቱ በፊት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ወረዳዎች ያደገ ሰው ሁሉ ቃሬዛን ያውቃል። ምጥ የጠናባት እናት ጋቢ ተደርቦላት፣ አራት ጎረምሶች በትከሻቸው ተሸክመዋት፣ ሌሎች አራት ለመቀባበል እየተከተሉ፣ ጭቃውን እየረገጡ ወደ መኪና መንገድ ሲያወጧት ማየት የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። አምቡላንስ በየወረዳው ከገባ ወዲህም የቃሬዛው መንገድ አጠረ እንጂ ጨርሶ አልቀረም።

ለመሆኑ የአምቡላንሱ አሠራር እንዴት ነው? ቀድሞ አምቡላንስ ሲባል ትዝ የሚለን በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መኪና ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ግን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በመቶዎች የሚቆጠሩ አምቡላንሶች ገዝቶ ለየወረዳው ቢያንስ አንድ እንዲዳረስ አደረገ። መኪናው ከላይ ይሰጣል፤ ነዳጁን፣ ጥገናውንና የሾፌሩን ደመወዝ የሚችለው ግን ወረዳው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በጌራ ወረዳ በጫካ ቡና መካከል የምትኖር አንዲት እናት ሌሊት ምጥ ያዛት እንበል። ባለቤቷ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይደውላል፤ እርሷም ለጤና ጣቢያው ወይም በቀጥታ ለሾፌሩ ታስታውቃለች። ጎረቤት በቃሬዛ መኪና እስከሚደርስበት ያወጣታል፤ አምቡላንሱ ተቀብሎ ወደ ጪራ ጤና ጣቢያ ይወስዳታል። ነገሩ ከአዋላጇ አቅም በላይ ከሆነ ወደ አጋሮ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካለፈ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ትገባለች።

እንግዲህ ይህች እናት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች ልብ በሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢዘገይ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቶ ከሆነ መጠበቅ ግድ ነው። ለስብሰባ ሰው ሊያመላልስ ተልኮ ከሆነ ግን ይህ በደል ነው። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት ርዳታ ካላገኘች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለችና!

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በመኪናው ላይ መጣል አይገባም። ስልኩ ከመደወሉ በፊት እቤት ውስጥ የሚባክነው ሰዓትም ቀላል አይደለም። «አባወራው ከገበያ ይመለስ»፣ «አማቷ መጥታ ትያት»፣ «እስኪነጋ እንጠብቅ» ሲባል ጊዜው ያልፋል።

በቡና አገር ደግሞ ሌላም ችግር አለ። ገንዘብ የሚገባው ቡና ከሚለቀምበት ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ መንገድ የሚበላሸው ግን በክረምት፣ የቡናው ገንዘብ ባለቀበት ወራት ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድም ሆነ የወላዶች አምቡላንስ ያለ ክፍያ ቢሆንም፣ አስታማሚ ስንቅ ይፈልጋል። አምቡላንሱም ብዙ ጊዜ የሚያደርስ እንጂ የሚመልስ ባለመሆኑ የመመለሻ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አትበሉኝና፣ ጥቂት ነገር ላሳስብ። በክረምት የምትወልድ ካለች ከቡናው ሽያጭ ላይ ጥቂት ብር ለይታችሁ አስቀምጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የሾፌሩን ስልክ ቁጥር ቀድማችሁ ያዙ። አባወራው በሌለበት «ትሂድ» የሚለው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ተነጋገሩ። ቤታችሁ ከመንገድ የራቀ ከሆነ ደግሞ ምጡን እዚያው አትጠብቁ፤ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለ ቀኑ ሲቃረብ ገብታችሁ ሰንብቱ። ልጆቹንና ከብቱን ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ መምከር የባልና የጎረቤት ፋንታ ነው።

በአገር አቀፍ ጥናት መሠረት በ2003 ዓ.ም. ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በዚያም ዓመት ከግማሽ የሚበልጡት እቤት ተወልደዋል ማለት ነው።

እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ገዝቶ፣ ቀባሪ መድቦ ይጠብቃል። ለምትወልደውስ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን በስም መድቦ ቢጠብቅ ምን ይከብደዋል? ይህ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ይነሣ፤ አንሺዎቹም እኛ ሴቶች እንሁን።