ከሻንጣው የሚወጣው ኢቡፕሮፌን
ከጀርመኗ ሮደልሃይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ከቸኮሌቱና ከጫማው ቀጥሎ ኢቡፕሮፌን አይጠፋም። “ለእማዬ ጉልበት” ተብሎ ይላካል፤ እማዬም ለጎረቤት ታካፍላለች። ልግስናውን አልነቅፍም፤ መድኃኒቱን እንደ ቸኮሌቱ ማየታችንን ግን እነቅፋለሁ። ጀርመን ውስጥ ባለ 400 ሚሊግራሙ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቢሸጥም ከፋርማሲ ብቻ ነው፤ ባለ 600ው ትእዛዝ ይፈልጋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህም ያለ ሐኪም ምክር በመመሪያው ከተጻፈው ጊዜ በላይ እንዳይወሰድ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ይታተማል። በጀርመንኛ ነዋ! እማዬ ምኑን ታነበዋለች? ኢቡፕሮፌንም ሆነ አገር ቤት በየፋርማሲው የሚገኘው ዲክሎፌናክ ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ሥር ከፍቶ የሚያቆየው ደግሞ ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ጤነኛ ወጣት መድኃኒቱን ሁለት ቀን ቢውጠው ብዙም አያሰጋም። ለደም ግፊቷ ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት የምትወስድ እናት ግን፣ በዚያ ላይ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ከዋለች፣ ይህን ስትደርብበት ኩላሊቷ ሊጎዳ ይችላል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማት። ልጅ ሆይ፣ ከመላክህ በፊት ደውልና ምን ምን እንደምትውጥ ጠይቃት። ፓራሲታሞል በልኩ ከተወሰደ ለኩላሊት ይሻላል፤ ለጉልበት የዲክሎፌናክ ቅባትም አለ፣ ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ እጅግ ያነሰ ነው። ገንዘብ ከተረፈህ ደግሞ የኩላሊቷን ሁኔታ ለሚያሳየው የክሬአቲኒን የደም ምርመራ ላክላት።