ሙዚቃ ቤቱ ሐዋሳ ላይ ይከፈት

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ለዚህ ተረት ምስክር የሚሆን አንድ ካሴት አለ።

የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ሥራ ቀረጸ። የያዘው አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ድራም ማሽን ነበር። ሥራው በካሴት ኢትዮጵያ ገባ፣ ተደመጠ፣ ከዚያም ከብዙ ካሴቶች ሥር ገብቶ ተረሳ። ኃይሉም ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት ከሌሎች ጋር ገዝቶ ሄደ። ሰማው፣ ደነገጠ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ አገኘ፣ ፈቃድ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 በራሱ አነስተኛ ሙዚቃ ቤት እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

ያ ካሴት ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚሁ አገር ነበር። ማንም በጥቂት ብር ሊገዛው ይችል ነበር። «ይህ ሥራ የማን ነው? ሰውየው የት አለ? ለምን እንደገና አይታተምም?» ብሎ የጠየቀው ግን ከውጭ የመጣ ሰው ነው።

ዛሬ ሐዋሳ ላይ በላፕቶፕ የሚያቀናብሩ፣ ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር ዲጄ የሚሆኑ፣ የድሮ ሃውስና ቴክኖ የሚወዱ ወጣቶች አሉ። ከእነሱ መካከል «የራሳችንን ሌብል ብናቋቁምስ?» የሚል ሐሳብ የሚያነሳ አይጠፋም። ሐሳቡ ሲነሳ ወዲያው የሚከተለው የገንዘብና የስቱዲዮ ጥያቄ ነው። ትልቁ ጥያቄ ግን እሱ አይደለም።

ሌብል የሚለው ቃል አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያውያን ሙዚቃ ቤት ብለው ያውቁታል። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤት ማለት መሸጫ ብቻ አልነበረም። ድምፃዊውን የሚመርጠው፣ ለባንዱና ለስቱዲዮው የሚከፍለው፣ ካሴቱን የሚያባዛው፣ ቢከስር የሚከስረው እሱ ነበር። የሙዚቃ ቤት ዋናው ሥራ ይኸው ነው፤ በሌላ ሰው ሥራ አምኖ ኪሳራውን መሸከም።

አምሃ እሸቴን ማስታወስ ይበቃል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂውን ወደ ውጭ ልኮ እያሳተመ ያስመጣ ነበር። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነው። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ዛሬ ዓለም «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ አልበም የሚያውቀው ወርቃማ ዘመን ትልቁ ክፍል የተረፈው ያ ወጣት ስለደፈረ ነው። ድምፃዊው ነበረ፣ ባንዱ ነበረ፣ ጨፋሪውም ነበረ። የጎደለው «እኔ አሳትመዋለሁ» የሚል ሰው ነበር።

በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በኩልም የጎደለው ይኸው ነው። ችሎታ አልጎደለም። ሚካኤል ሰይፉ «የአራዳ ልጅ» የተሰኘውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ዋሽንግተን በተመሠረተው 1432 አር በተባለ ሙዚቃ ቤት ነው። «ዘላለም» የተሰኘው ደግሞ በ2016 ኒውዮርክ ካለ ሙዚቃ ቤት ወጣ። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም በ2015 ሥራውን ያሳተመው በዚያው በ1432 አር በኩል ነው። ማሲንቆና ክራር ከኮምፒውተር ጋር ሲዋሐዱ አዲስ አበባ ላይ ተፈጠረ፣ አሜሪካ ላይ ታተመ። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ደግሞ ብዙ ሕዝብ በአማርኛ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለመደነስ ዝግጁ እንደነበር ታየ። አድማጭ የለም የሚለው ሰበብ ያኔ አብቅቷል።

ታዲያ ለምን ሐዋሳ? ለምን አዲስ አበባ አይሆንም?

የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ራሱ መልስ አለው። ቴክኖ የተወለደው ኒውዮርክ ወይም ሎስ አንጀለስ ላይ ሳይሆን የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው ዲትሮይት ነው። ኹዋን አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሜትሮፕሌክስን፣ ዴሪክ ሜይ በ1986 ትራንስማትን፣ ኬቪን ሳውንደርሰን በ1987 ኬኤምኤስን አቋቋሙ። ሦስቱ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ትልቅ ኩባንያ መጥቶ እስኪያገኛቸው አልጠበቁም። መሣሪያቸውም ውድ አልነበረም። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቲቢ-303 የተባለችውን ትንሽ የቤዝ ማሽን ገበያ ስላጣባት በ1984 ማምረት አቆመ፤ ከዚያ በኋላ በርካሽ የገዟት የቺካጎ ልጆች ናቸው አሲድ ሃውስ የተባለውን ድምፅ ያወጡባት። ነጋዴ የናቀው ዕቃ የአንድ ትውልድ መሣሪያ ሆነ።

ሐዋሳም የወጣት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ከየአቅጣጫው ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት አላት። ሲዳምኛው፣ ወላይትኛው፣ አማርኛውና ኦሮምኛው በአንድ ባጃጅ ውስጥ ይሰማል። ሻሸመኔ ከነሬጌዋ ቅርብ ናት። ጉዱማሌ ላይ በፊቼ ጫምባላላ የሚዜመው ቄጣላ፣ ሺህ ሰው በአንድ እግር መሬት ሲመታ፣ ቤዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ያስተምራል። ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። እንዲህ ያለ ምት ባለበት ከተማ የሌላ አገር ምት ብቻ እየተጫወተ ማደሩ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሮውን ስልት መውደድ ማለት ዲትሮይትን መቅዳት ማለት መሆን የለበትም። የድሮዎቹ ድራም ማሽኖች የተሠሩት አንዱን ዙር በ16 እርከን እንዲቆጥሩ ታስበው ነው፤ ችክችካ ደግሞ በ12 ይገባል። ማሽኑ ላይ ቆጠራውን ከ16 ወደ 12 መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ግን የቺካጎ መሆኑ ይቀርና የዚህ አገር ይሆናል። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ የኪቦርድ ተጫዋቾች ይህንኑ በየሠርጉና በየካሴቱ ሲያደርጉት ኖረዋል። ያኔ «ባንድ መቅጠር አቅቷቸው ነው» ተብለው ተንቀዋል። የሐዋሳው ሙዚቃ ቤት የመጀመሪያ ሥራ እነዚያን ሰዎች ማፈላለግ ቢሆን ትክክል ነው፤ ካሴት ያረጃል፣ ሰውም ያረጃል።

ፍለጋው ግን በሕግ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የከዋኙና የድምፅ ቅጂ አሳታሚው መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የ1980ዎቹን ካሴት ቀድቶ ኢንተርኔት ላይ መጫን «ቅርስ ማዳን» አይባልም፤ የሰው ንብረት መውሰድ ነው። ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው ኃይሉን መፈለግ ነበር። የአገር ልጅ ከዚያ ያነሰ ማድረግ የለበትም።

ውሉ ላይ ሲደረስ ደግሞ እውነተኛው ፈተና ይመጣል። በካሴት ዘመን ልማዱ አንድ ጊዜ ገንዘብ ሰጥቶ ሥራውን ለዘለዓለም መውሰድ ነበር። ድምፃዊው ያረጃል፣ ካሴቱ ይባዛል፣ ለእሱ ግን ምንም አይደርሰውም። ዛሬም በዩቲዩብ ዘመን ያው ልማድ ልብስ ቀይሮ ቀጥሏል። ቺካጎም ከዚህ አልዳነችም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው ትራክስ ሪከርድስ የሃውስ ሙዚቃ መነሻ ከሚባሉት አንዱ ነው። ነገር ግን ላሪ ኸርድና ሮበርት ኦውንስ ክፍያችን አልደረሰንም ብለው በ2020 ከሰሱት፤ በ2022 በስምምነት ሲያልቅ የሥራዎቻቸው መብት ወደ እነሱ ተመለሰ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ። የፍቅር ሙዚቃ ቤት እንኳ ያለ ንጹሕ ውል የጠብ ቤት ይሆናል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የሐዋሳው ቤት ውል ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፣ አርቲስቱ በሚያነበው ቋንቋ ቢጻፍም እንዲሁ። ዋናው ቅጂ የአርቲስቱ ሆኖ ይቆይ። ሙዚቃ ቤቱ ለተወሰኑ ዓመታት የማሳተም ፈቃድ ይውሰድ። ወጪ ከተነሳ በኋላ ትርፉ እኩል ይከፈል። ሂሳቡ በየስድስት ወሩ ትርፍ ኖረም አልኖረም ይላክ። ዜሮ የሚል ሂሳብ እንኳ መላኩ መተማመንን ይገነባል።

የገንዘቡ ችግር እውነት ነው፤ መካድ አይገባም። ባንድካምፕን በመሰሉ ገበያዎች የሚሸጠው ሥራ ክፍያው በውጭ የክፍያ መንገድ ስለሚመጣ እዚህ ሆኖ መቀበል አስቸጋሪ ነው። ሸክላ ማሳተምም በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ከሸክላ መጀመር ስህተት ይሆናል። መቶ ካሴት፣ አንድ ጥሩ ምሽት፣ ከዚያም ሁለተኛ መቶ ካሴት። የሀገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያዎችም አሉ፤ አውታርን እ.ኤ.አ. በ2019 ያቋቋሙት ሙዚቀኞች ራሳቸው እንደነበሩ መርሳት አይገባም። የደቡብ አፍሪካው አማፒያኖ ዓለምን ያዳረሰው በመጀመሪያ ከስልክ ወደ ስልክና በታክሲ ውስጥ ተሰምቶ ነው። የሐዋሳ ባጃጅ ከዚያ ታክሲ በምን ያንሳል?

«ይህ ሁሉ ለጥቂት ወፈፌዎች ነው» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። የአምሃ የመጀመሪያ ሸክላ ሲታተምም ጥቂቶች ነበሩ የደፈሩት። አነስተኛ ሙዚቃ ቤት የሕዝብን ሁሉ ጣዕም የመወከል ግዴታ የለበትም። ግዴታው አንድ ነው፤ ያመነበትን ሥራ በሠሪው ስም፣ በሠሪው ፈቃድ፣ ሠሪው በሕይወት እያለ ማውጣት።

ኃይሉ መርጊያ ዕድለኛ ነበር፤ የፈለገው ሰው በሕይወት አገኘው። በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በሶዶ፣ በባሕር ዳር ካሴታቸው በየጓዳው የተቀመጠ፣ ስማቸው ከሽፋኑ ላይ የደበዘዘ ሌሎች አሉ። እነሱን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ታቦር ሥር አንዲት ክፍል፣ የተጸዳ የካሴት ማጫወቻ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ንጹሕ ውል ካለ ሙዚቃ ቤቱ ተከፍቷል።