ኔትወርክ ሲጠፋ የሚግል አልጋ

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሰዎች ሌሊት በላብ ተጠምቀው ነቁ። ትኩሳት ይዟቸው አይደለም፣ የጋለው አልጋቸው ነው። ኤይት ስሊፕ የተባለ ኩባንያ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጠው፣ በስልክ እየታዘዘ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ የፍራሽ ልባስ አለ። በዚያ ቀን የአማዞን የክላውድ አገልግሎት ተቋረጠ፤ አልጋውም ትእዛዝ መቀበል አቆመ። የአንዳንዱ ሙቀት እንደጨመረ ቀረ፣ የአንዳንዱ ደግሞ ራስጌው ከፍ እንዳለ አልወርድም አለ።

"ሲስተም የለም" የሚባለውን እኛ ለምደነዋል። ባንክ ተሰልፈን ሰምተነዋል፣ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ልንከፍል ስንል ሰምተነዋል። ፍራሽ "ሲስተም የለም" ሲል ግን፣ እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። በኋላ ያናደደኝ መፍትሔው ነው። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ብዙም ሳይቆይ አልጋውን ኢንተርኔት ሳይኖር በብሉቱዝ ማዘዝ የሚቻልበትን መንገድ አወጣ። በቀናት ውስጥ የሚሠራ ነገር ከሆነ ድሮውኑስ ለምን አልነበረም?

እንዲህ ዓይነት "ጉድ በል" ዜና ቲክቶክ ላይ ስታዩ ስቃችሁ ታልፋላችሁ። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን ሥራ ስለፈታሁ እንጃ፣ ወደ ዋጋው እሄዳለሁ። ሳየው ሳየው አንድ ነገር ይደጋገምብኛል፦ ሰውየው ገዛሁ ያለውን ዕቃ የተከራየው መሆኑን የሚያውቀው ዕቃው መሥራት ያቆመ ቀን ነው።

የዚህ ዘር ታዋቂው ቀልድ ጁሴሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በ699 ዶላር ገበያ የወጣ የጁስ መጭመቂያ ማሽን ነበር፤ ባለሀብቶች ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር አፍስሰውበታል። ኩባንያው ራሱ አሽጎ ከሚሸጠው ከረጢት ውጪ አይጨምቅም። ዋይፋይ ይፈልጋል፣ የከረጢቱን ኮድ ያነባል፣ ቀኑ ካለፈ እምቢ ይላል። ፕሪንተር ገዝቶ በቀለሙ የተማረረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በ2017 ብሉምበርግ ከረጢቱን በእጅ መጭመቅ እንደሚቻል፣ ያውም ከማሽኑ ባልተናነሰ ፍጥነት፣ አሳየ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ተዘጋ። ሲዘጋ ግን የማሽኑን ገንዘብ እንዲመለስላቸው ለሚጠይቁ ደንበኞች በሙሉ የ90 ቀን ጊዜ ሰጥቷል። ይቺን ያዙልኝ።

ሂዩሜን የተባለው ኩባንያ ታሪክ የከፋ ነው። የአፕል የቀድሞ ሠራተኞች የነበሩ ባልና ሚስት ያቋቋሙት ሲሆን ከ230 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ሰብስቧል። ምርቱ ደረት ላይ የሚለጠፍ፣ ስክሪን የሌለው፣ በድምፅ የሚታዘዝና መዳፍ ላይ በብርሃን የሚጽፍ "ኤአይ ፒን" ነው። ስልክን ይተካል ተባለ። ዋጋው 699 ዶላር፣ በዚያ ላይ በየወሩ 24 ዶላር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ደንበኞች እጅ ሲገባ ይግላል፣ ይዘገያል፣ የጠየቁትን ትቶ ሌላ ይመልሳል። ትንሽ ቆይቶ የቻርጅ መያዣው ለእሳት አደጋ ያጋልጣል ተብሎ እንዲመለስ ተደረገ።

በየካቲት 2025 ኤችፒ ከኩባንያው ብዙውን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ፒኖቹን ግን አልፈለጋቸውም። ለደንበኞች የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ዐሥር ቀን ነው፤ የካቲት 28 ሰርቨሩ ተዘጋ። ገንዘብ የተመለሰላቸው በመጨረሻዎቹ 90 ቀናት ዕቃው የተላከላቸው ብቻ ናቸው። ሌላውስ? ማስታወቂያው ከኢንተርኔት ውጪ መሥራት ይቀጥላል ብሎ በምሳሌነት የጠቀሰው የባትሪውን መጠን ማሳየት ነበር። 699 ዶላር ከፍለህ፣ ምንም የማይሠራ ዕቃ ስንት ፐርሰንት ቻርጅ እንዳለው ይነግርሃል! ዓለም የሳቀበት ጁሴሮ እንኳ ከዚህ የተሻለ ጨዋ ነበር።

ከሁሉም ያሳዘነኝ ሞክሲ ነው። ከልጆች ጋር እያወራ ስሜታቸውን እንዲገልጹ የሚያግዝ ትንሽ ሮቦት፣ ዋጋው 799 ዶላር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 አምራቹ የጠበቀው ገንዘብ ስላልመጣ እዘጋለሁ አለ። ለልጆቹ እንዴት እንደሚነገራቸው ለወላጆች ደብዳቤ ተላከ። የኩባንያ ኪሳራ ለስድስት ዓመት ልጅ እንደ ጓደኛ መሞት ሲሆን አስቡት።

እነዚህ ጥቂት ያልታደሉ ኩባንያዎች ናቸው እንዳትሉኝ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሠራተኞች በ2024 ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ 184 ዕቃዎችን ዓይተው ነበር። ወደ 89 በመቶ የሚሆኑት አምራቾቻቸው ሶፍትዌሩን እስከ መቼ እንደሚያድሱ ድረ ገጻቸው ላይ አልገለጹም። ወተት ላይ እንኳ የሚያልፍበት ቀን ይጻፋል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ዕቃው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ በስጦታ ሊመጣ ይችላል፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን በሻንጣ አይመጣም። ቪዲዮ ለማስቀመጥ በየወሩ ዶላር የሚጠይቅ የበር ካሜራ የደረሰው ሰው ያውቀዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የሂዩሜንን 24 ዶላር ለምሳሌ ብንወስድ በወር 1,368 ብር ማለት ነው። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ዕቃው ላይ አንዲት ብሎን ሳይጨመር። ደመወዙ በብር፣ ግዴታው በዶላር የሆነ ሰው በየወሩ ምንዛሪ ላይ ይወራረዳል፤ ያውም በዶላር የሚከፍል ካርድ ካገኘ።

ብልህ ፈጠራ እንዴት ያለ ነው ካላችሁኝ፣ እኔ ቴክኖን ነው የምጠቅሰው። አትሳቁ! እናት ኩባንያው ትራንሽን የቻይና ይሁን እንጂ ስሙን የተከለው አፍሪካ ላይ ነው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እዚህ አገር ስልክ ይገጣጥማል። ሁለት ሲም፣ መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ፣ ቶሎ የማያልቅ ቻርጅ፣ የአማርኛ ፊደል ያለው ቀፎ። በየትኛውም የቴክኖሎጂ መድረክ ላይ የሚያስጨበጭብ ነገር የለውም። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሰዉ በምን እንደሚቸገር ዓይቷል። ሳፋሪኮም ከመጣ ወዲህ ሁለቱን ሲም በየፓኬጁ ዋጋ ስናፈራርቅ ጥቅሙ ይበልጥ ታይቶናል። ደግሞም ሼንዘን ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነገ ቢዘጋ የእጅ ባትሪው ይበራል።

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ "ስማርት" እየተባለ ከሚሸጠው ሁሉ፣ አምፖል፣ ሶኬት፣ የውኃ ኮዳ ሳይቀር፣ ለሦስት ሻጮች አንድ ዓይነት ጥያቄ ላክሁ፦ "ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?" ሁለቱ ዋጋውን ደግመው ላኩልኝ። ሦስተኛው "ወንድሜ፣ ፓኬጅ ግዛ" አለኝ።