ቁም ሣጥኑ የት ቆመ?

ይድረስ ለማከብርዎ አንባቢዬ፣

ባለፈው ሰሞን በእንግሊዝ ገጠር በእግሬ ስሄድ፣ ከበጎች መስክ መሀል አንድ የሲሚንቶ ወለል አየሁ። በየስንጥቁ ሣር በቅሎበታል። አንደኛው ቦታ ላይ ምጣድ የምታህል የጠቆረች ክብ አለች፤ ምድጃ ቆሞባት የነበረች ናት። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኳት። «ሲሚንቶ ለመዳሰስ እንግሊዝ ድረስ?» ሲሉ እየሰማሁዎት ነው። ግድ የለም፣ ይታገሱኝ። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፍልዎ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

«የወታደር ሰፈር ፍርስራሽ ነዋ፤ ወታደር ሲሄድ ካምፕ ያበቃለታል» ይላሉ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ወለሉ የኒሰን ጎጆ የሚባለው ቤት ነበር። ፒተር ኒሰን የተባለ መኮንን መሐንዲስ በ1916 ያወጣው ንድፍ ነው፤ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ መሬት ላይ የተደፋ ይመስላል። ስድስት ሰው ቢበረታ በአራት ሰዓት ያቆመዋል። ጣሪያና ግድግዳ የሚባል ልዩነት የለውም፤ ሁሉም አንድ የጎበጠ ቆርቆሮ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ እንዲህ ያሉ ካምፖች በየሜዳው ባዶ ቀሩ። ከተማው ደግሞ በቦምብ ፈርሷል፣ ለስድስት ዓመት ቤት የሠራ የለም ማለት ይቻላል፣ ወታደሩም ተመልሶ፣ አግብቶና ወልዶ ከአማቱ ጋር በአንድ ክፍል ታጭቋል።

በግንቦት 1946 ጄምስ ፊልዲንግ የተባለ የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች፣ ስካንቶርፕ በምትባል ከተማ ባዶ ወደቀረ የፀረ አውሮፕላን ካምፕ ከነቤተሰቡ ገባ። የመኮንኖቹ ክበብ ቤቱ ሆነ። ወሬው ሲሰማ ሌላውም ፍራሹን በጋሪ ጭኖ ተከተለ። በመከር ወራት መንግሥት ሲቆጥር፣ በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ 1,038 ካምፖች ውስጥ 39,535 ሰው ገብቶ ተገኘ።

«ያለ ፈቃድ የሰው ንብረት ውስጥ መግባት ታዲያ ወንጀል አይደለም?» ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ቤቴን ቆልፌ ነው የምወጣው። ግን ልብ ይበሉልኝ፤ ካምፕ የገቡትን መንግሥት ብዙም አልነካቸውም። ውሎ አድሮ የየአካባቢው ምክር ቤት ውሃና መብራት አስገብቶ ኪራይ ይቀበላቸው ጀመር። በዚያው ዓመት መስከረም ለንደን ውስጥ፣ ኬንሲንግተን በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር ባዶ አፓርታማ የገቡት ግን መሪዎቻቸው ታስረው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወጡ። ባዶነቱ አንድ ነው፤ ሰፈሩ ግን ይለያያል። ከዚህ በላይ አላፍታታውም፣ እርስዎ ብልህ ነዎት።

«ለማንኛውም ጊዜያዊ ነበር» የሚለውን ቃል ግን እንዲሁ አላልፍልዎትም። ሰሜን ዌልስ ውስጥ ፔንሮስ የሚባል ቦታ አለ። አየር ኃይሉ የቦምብ ማሠልጠኛ ሊሠራበት ፔኒበርት የተባለውን ጥንታዊ የገበሬ ቤት አፈረሰ። በ1936 ሳንደርስ ሉዊስ፣ ሉዊስ ቫለንታይንና ዲ. ጄ. ዊሊያምስ የተባሉ ሦስት ዌልሳውያን ግንባታውን አቃጠሉና በገዛ ፈቃዳቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ራሳቸውን አስያዙ። ዘጠኝ ዘጠኝ ወር ተፈረደባቸው። ማሠልጠኛው ግን ተሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ፣ ከእንግሊዝ ጎን ተዋግተው አገራቸው በሶቪየት እጅ የወደቀባቸው ፖላንዳውያን መጠጊያ አጡ፤ ከ1949 ጀምሮ ፔንሮስ የእነሱ መንደር ሆነ። ወጣት ሆነው የገቡት አርጅተውበታል። ሰባ ዓመት ያህል የኖረ ጊዜያዊ ነገር አይተው ያውቃሉ?

«እሺ፣ እኛን ምን አገባን?» አሁን ገና ያዝኩዎት። ከቆርቆሮ ሥር አድረው ያውቃሉ አይደል? ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ። ዝናብ ሲጥል አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ያያሉ እንጂ የሚለው አይሰማዎትም። የካምፖቹ ነዋሪዎች ቤትም እንዲሁ ነበር፤ በዚያ ላይ በብርድ ወራት ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል ያልበውና ጠብታው አልጋ ላይ ይወርዳል። ባልና ሚስት የሚተኙበት ከልጆቹ የሚለየው በገመድ በተሰቀለ ብርድ ልብስ ነው። ልጆቹ በአንጻሩ እንደዚያ የሚሮጡበት ሜዳ ከተማ ውስጥ አላገኙም፤ የካምፑን አሳዛኝነት ብቻ የሚያወራልዎትን እንዳያምኑት።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። የጎን ግድግዳው ከወለሉ ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚጎብጥ ነው፤ ምንም ነገር አያስጠጋም። መስኩ ላይ ቆሜ በእርምጃ ለካሁት፦ አልጋው እዚህ፣ ጠረጴዛው እዚያ፣ ምድጃው መሀል። ለቁም ሣጥኑ ቦታ አጣሁለት። እርስዎ ከደረሱበት እባክዎን ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ